ባሩድና አሜን

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ጋራዥ ነኝ። መኪናዋን አስወጣሁ፣ በሩን ግማሽ ድረስ ከፈትኩ። ቀለሆቹ ታጥበው ደርቀዋል። እርሳሱን ቅዳሜ አቅልጬ ጨርሻለሁ። ጎማ ቤት የለመንኩት ነው፤ ጎማ ሲያመዛዝኑ ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚመቱት እርሳስ። ሰላማዊት ጓሮውን በጢስ ገደልከው ብላ ተቆጣች። የነፃ ነገር ጢስ አያጣውም አልኳት። ሚስት ሆና መሳቅ ነበረባት፤ አልሳቀችም።

ደብተር፣ ከዚህ በፊት ነግሬህ ከሆነ ታገሠኝ። ይሄን ሥራ ስወደው! ሰው ሱቅ ሄዶ ጥይት ይገዛል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሁን መሬት ጥሎ ይሄዳል። እኔ ጎንበስ ብዬ እለቅማለሁ። አጥባለሁ። ከሥሩ አዲስ ፕራይመር እተክላለሁ፣ ማለቴ እሳቷን የምትሰጠውን ትንሿን ቆብ። ባሩድ በማንኪያ እጨምራለሁ። ባትሪ አብርቼ የእያንዳንዱን ሆድ አያለሁ። ከላይ አረሩን በፕሬስ፣ በመጫኛዋ ማሽን፣ እገጥማለሁ። አለቀ። ሱቅ የሚጠይቀውን ሩብ እንኳ አልከፍልም። ማንኪያዋንም ራሴ ነኝ የሠራኋት፣ ከአሮጌ ቀለህና ከሽቦ።

ባሩዱን አስቀድሜ በሚዛን እለካለሁ፤ ለዙሩ የሚበቃውን ብቻ ኩባያ ውስጥ። መጨረሻ ላይ ኩባያው ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ካልሆነ ስህተት አለ። እኔ ዘንድ ስህተት የለም። ቤ/ክ ውስጥ «ግርማ ሚዛን» የሚሉኝ በከንቱ መሰለህ?

ያው ማክሰኞ፣ ከእራት በፊት

ጨረስኩ። መሃል ላይ የቤ/ክናችን እማማ አስካለ ደወሉ። ማክሰኞ የጸሎት ሰንሰለት ቀን መሆኑን ረስቼው። እሳቸው ለኔ ይደውላሉ፣ ጥያቄውን ይነግሩኛል፣ አብረን እንጸልያለን። ከዚያ እኔ ለሚቀጥለው ወንድም እደውላለሁ፣ እሱ ደግሞ ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ ቤ/ክኗን ይዞራል። ጥሩ ነገር ነው። ብቻ የእማማ ጸሎት ከኢያሪኮ ተነሥቶ ነው ዳላስ ዳር ጋርላንድ የሚደርሰው።

የኩሽናውን ስልክ በረጅም ገመዱ ጋራዥ ድረስ ስቤ በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ወሸቅኩት። እጆቼ ነፃ። ለአንድ ወንድም ጥበቃ ነው ምናምን አሉ። አሜን፣ አንድ ማንኪያ። አሜን፣ አንድ ማንኪያ። እንዲያውም ሥራው ምት አገኘ። ሲጨርሱ ጌታ ይባርክህ ልጄ አሉኝ፣ እርስዎንም እማማ አልኩ። ለሚቀጥለው ወንድም ደውዬ «ለመንገደኞች ጥበቃ» አልኩት። ወደዚያ ይጠጋል።

ኩባያው ውስጥ ትንሽ ባሩድ ተርፏል። ስለካ በዝቶብኝ ይሆናል። ወደ ጣሳው መለስኩት። እራት ተጠራ።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ደረጀ መጣ። ደ. ማለት ከሱዳን ጀምሮ አንድ ምንጣፍ ላይ አብሮኝ የተኛ ሰው ነው። እኔ ሳክሲ ቤት ገዛሁ፣ እሱ ጋርላንድ አፓርታማ ቀረ። እኔ ፋርመርስ ብራንች መጋዘን ገባሁ፣ እሱ ዳላስ ታክሲ ይነዳል። ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም፤ ለበዓል ጎረቤት ነው የሚያርድለት።

ባለፈው ወር የሥራ ጓደኛውን ተሳፋሪ ፊቱን ቀጥቅጦ መንገድ ላይ ጣለው። ሶ፣ ደ. የሽጉጥ ክላሱን ወሰደ፣ ፈቃዱን አወጣ፣ ሰው ዕቃ አስይዞ ከሚበደርበት ሱቅ አሮጌ ሪቮልቨር ገዛ፤ ከእኔው ሽጉጥ ጋር አንድ ዓይነት። ሲይዘው እንደ ትኩስ ድንች ነው። የሱቅ ጥይት ዋጋ ሲሰማ ራሱን ያዘ። እኔ እያለሁልህ አልኩት።

ስድስት ከበሮው ውስጥ ሞላሁለት፣ ስድስት በካልሲ ቋጥሬ ሰጠሁት። ለልምምድ ልተኩስ እንዴ አለኝ። አታባክን አልኩት። የሱቅ ጥይት ይሞከራል፣ የኔ አይሞከርም። እንዲህ ብዬ ደግሞ ደረቴን ነፋሁ፤ ሰላማዊት ከኋላው ሆና ዓይኗን ወደ ጣራ ላከች።

የቀረው ለአደን ነው። የአጋዘን ወቅት ሊከፈት ነው፤ የመጋዘኑ ባልደረባዬ የአጎቱ እርሻ ላይ ይዞኝ ይሄዳል። ሰላማዊት በጥይት የወደቀ ሥጋ ድስቴ ውስጥ አይገባም ብላለች። የራሴን ድስት እገዛለሁ።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

እማማ ደወሉ። ዛሬ ሥራ አልያዝኩም፣ ኩሽና ቆሜ ነበር። ስልኩን በልማድ ትከሻዬ ላይ ወሸቅኩት። ሁለት እጆቼ አየር ላይ ቀሩ። ያኔ ነው የመጣብኝ።

ያን ቀን ባትሪውን በየትኛው እጄ ያዝኩት?

በአንዱ ማንኪያ፣ በአንዱ ቀለህ። ባትሪው መደርደሪያው ላይ ነበር። አላበራሁትም። የአንዱንም ሆድ አላየሁም። ኩባያው ውስጥ ደግሞ ባሩድ ተርፎ ነበር።

እማማ ስለ ምን እንደጸለዩ ዛሬም አልሰማሁም። አሜን ብቻ።

ጋራዥ ገባሁ። ከኔ ጋር የቀሩትን ጥይት በምትፈታልኝ መዶሻ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ይሄኛው ባሩድ አለው። ይሄኛውም አለው። ይሄኛውም። ሁሉም አላቸው። በሕይወቴ ትክክል መሆኔ እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም። ባሩድ ያልገባባት ከኔ ጋር ከሌለች ከደ. ጋር ናት።

ልደውልለት? ምን ብዬ? «ወንድሜ፣ ያ አይሞከርም ያልኩህ…» አሁን መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ይመጣል፤ ያኔ አዲስ ሠርቻለሁ፣ ያሻሻልኩት ነው ብዬ እቀይርለታለሁ። ስህተት ማለት አያስፈልግም። ከአሥራ ሁለት አንዷ ናት። እስከ ቅዳሜ ምን ይመጣል?

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን እለፈው።

ከሥራ ስገባ የደ. ታክሲ በራችን ላይ ቆማለች። እሱ ሳሎን ተቀምጧል። ሰላማዊት ውሃ ሰጥታዋለች፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዟል፣ አይጠጣም። እግሩ ሥር የፕላስቲክ ከረጢት።

ቀን በብርሃን ነው። ከገበያ ማዕከል በር ወጣት ተሳፋሪ ጫነ። አፓርታማዎቹ ጋ ሲደርስ ከኋላ አንገቱ ላይ ቢላ። ሽጉጡ እንዴት እጁ እንደገባ አያውቅም። ዞረ። የልጁ ፊት ላይ ደገነ። ምላጩን ሳበ።

ጢሽ አለ። ይኸው ነው። የለስላሳ ክዳን ሲከፈት ያህል። ልጁ እሪ ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ፣ አንድ እግር ጫማው ወለሉ ላይ ቀረ። ደ. ከከረጢቱ አውጥቶ አሳየን። ሸራ ጫማ ነው፣ ትንሽ። ማሰሪያው በሌላ ቀለም ክር ተቀጥሏል። ሰላማዊት አፏን ያዘች።

ልጅ ነው ግርማ፣ ይላል ደ.፣ ጢም እንኳ የለው፣ ልጅ ገድዬ ነበር፣ ጌታ አፈሙዙን ዘጋልኝ። እንደዚያ እያለ አለቀሰ። ለፖሊስ አልደወለም። ምንም አልተወሰደብኝም፣ እንዲያውም ተሰጥቶኛል አለ።

ጢሽ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ፕራይመሯ ብቻ ነደደች ማለት ነው። አረሩን ገፍታ በርሜሉ መሃል ቀረቀረችው ማለት ነው። አሁን ምላጩ አንዴ ቢሳብ የሚቀጥለው ጥይት ከኋላ መጥቶ ይመታዋል፣ ሽጉጡም የደ. እጅ ላይ ይፈነዳል።

አፌ ተከፈተ። ሰላማዊት ታየኛለች፣ እሱ ያለቅሳል፣ ጌታ ጌታ ይላል። የወጣልኝ ቃል ይሄ ነው፦ ሽጉጡን አትንካው፣ ነገ መጥቼ አየዋለሁ። ዛሬ አልሠራም አለኝ። አቅፎኝ ሄደ።

ከማክሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩ ግድግዳው ላይ ነበር።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሳጥን አሳለፍኩ። ሱፐርቫይዘሩ አሞሃል ወይ አለኝ።

ከሥራ በቀጥታ ጋርላንድ፣ ደ. ቤት። ልጥረግልህ አልኩት፣ ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ መጠረግ አለበት። አመነኝ። የማያምነኝ ምን አለው? ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ካልሲውንም ጨመረ። እንጀራ ካልበላህ አትሄድም አለ። በላሁ። እንዴት እንደወረደ አልነግርህም።

ቤት። ጥይቶቹን አወጣሁ። በርሜሉ ውስጥ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልኩ መታሁ። አረሩ ወጣ። ጠርዙ ላይ የበርሜሉ ጭረት አለ፣ ሌላው ሁሉ የራሴ ሥራ፣ ጎማ ቤት የለመንኩት እርሳስ። የቀሩትን አሥራ አንዱንም ፈታሁ። ሁሉም ደህና ናቸው። አንዷ ብቻ ነበረች። አሥራ አንዱ ግን አላጽናኑኝም።

ሱቅ ሄጄ ለደ. አንድ ፓኬት ፋብሪካ የሠራው ገዛሁ። ሳልከራከር። ሽጉጡን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ከፓኬቱ ጋር መለስኩለት። ምነው የሱቅ አለኝ። የኔ አልቆ ነው አልኩ።

አደጋው አለፈ። ማንም አላወቀም። ወደ ቤት ስነዳ ፉጨት አፌ ላይ መጣ፤ ራሴን ሰማሁትና አፈርኩ። አረሩ ኪሴ ውስጥ ነው። መጣል አቃተኝ።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ቤ/ክ። ደ. ለምስክርነት ተነሣ። ጫማውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ሰው ሁሉ ቆመ። እልልታ፣ ሃሌ ሉያ፣ ሴቶች ያለቅሳሉ። በሚገባ ነው የተናገረው፣ ምንም አልጨመረ፣ ምንም አልቀነሰ። ጢሽ ሲል ማይኩ ላይ ሕፃናት ሳቁ።

ቀጥሎ ምን አለ? ጥይቱን የሠራው ወንድም ግርማ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ሚዛን ነው፣ የሱ ጥይት ስቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ይሄ የጥይት ስህተት አይደለም፣ ያደረገው ጌታ ነው አለ።

ስህተት አለመሆኑ የተረጋገጠው በኔ ነው ማለት ነው!

ፓስተሩ ወደኔ ዞሩ፣ ፊታቸው በራ። ወንድም ግርማ በሚቀጥለው እሑድ ቆሞ እንደ ባለሙያ ይመስክርልን አሉ፣ የሚጠራጠር ቢኖር እንኳ አፉ ይዘጋ። ጭብጨባ። ደ. ከፊት ወንበር ዞሮ ሳቀልኝ። እኔም ሳቅሁ። ደብተር፣ ሳቅሁ እኮ! እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ትሑት መሰልኩ። እንዲህ ዓይነት ፊት እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

ስልኩ ጮኸ። አላነሣሁትም። ሰላማዊት አነሣች፣ ከእማማ ጋር እሷ ጸለየች፣ ለሚቀጥለውም እሷ ደወለች። ስትጨርስ ጋራዥ መጣች። ምንድን ነው የደበቅከኝ አለች። ዓርብ ስትቀጠቅጥ ሰምቼሃለሁ፣ ሥጋውንም አጋዘኑንም ረስተሃል፣ ትናንት ወጥ ያለ ጨው ሰጥቼህ ዝም ብለህ በላህ።

አረሩን ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አደረግኩ። ነገርኳት። የስልኩን ነገር ግን አልነገርኳትም፤ ተዘናጋሁ ብቻ አልኩ።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አረሩን መለሰችልኝና ተወው አለች። ሰውዬው በስንት ጊዜው ደስ ብሎታል፣ ደስታውን አትቀማው፣ አረሩን ቅበረው። እሑድ ምን ልበል ታዲያ አልኳት። ተመስገን በል፣ እሱ ውሸት አይደለም።

ደህና መውጫ ነው። አመሻሹን ሁሉ ሞከርኩት። ተመስገን በል፣ ተቀመጥ። ግን ተመስገን ልል ስዘጋጅ ያቺ በትከሻዬ የያዝኳት አሜን ትመጣብኛለች። ለሚስቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኩት።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

ባልደረባዬ የእርሻውን ቁልፍ ይዣለሁ፣ ተዘጋጅተሃል ወይ አለኝ። ጥይት የለኝም አልኩት። አንተ ጥይት አጣህ ብሎ ሳቀ፣ ለመጋዘኑ ሁሉ ነገረ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

አሁን ከደ. ቤት ተመለስኩ። ሰላማዊት ሥራ ናት። ሳይቀዘቅዝብኝ ልጻፈው።

አረሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይሄ በርሜልህ ውስጥ ነበር አልኩት። ባሩድ አልጨመርኩባትም፣ ባትሪ አላበራሁም፣ ማክሰኞ አውቄ ነበር፣ ሐሙስ እስኪደርስብህ ድረስ ዝም አልኩ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ዓይኑን አላየሁም፣ የጠረጴዛውን ላስቲክ ነው ያየሁት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጥይቷን መቼ ነው የሠራሃት አለኝ። ማክሰኞ፣ ኦክቶበር ሰባት አልኩት። ለምን ተዘናጋህ አለኝ። እማማ አስካለ ደውለው አልኩት።

ደ. ከወንበሩ ተነሣ። እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ፊቱ እንዴት እንደበራ ላሳይህ ብችል!

ለካ ጥያቄው የሱ ነው። ሽጉጡን በገዛ ማግሥት ፈርቶ ለእማማ ደውሏል። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነው፦ ይሄ ነገር በእጄ ነፍስ እንዳያጠፋ ጸልዩልኝ። እማማ ስሙን ጠርተው ነው ለሰንሰለቱ የሰጡት። ለኔ ነው መጀመሪያ የሰጡት። በጆሮዬ።

አቀፈኝ። አንሥቶ ሊያዞረኝ ምንም አልቀረው። አንተ ሰው፣ ስለኔ ስትጸልይ ነዋ የተዘናጋኸው አለ! እየጸለይክልኝ ባሩዱን ረሳህ፣ ጌታ በገዛ እጅህ ነው የመለሰልኝ፣ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ከየት ይመጣል? ነገ ይሄን ንገራቸው!

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አየህልኝ? በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ስህተቴ ራሱ ጽድቅ ሊሆንልኝ። ሰላማዊትም ደ.ም ፓ/ሩም ደስ ሊላቸው።

አልጸለይኩም አልኩት።

አልገባውም። አልጸለይኩም ደረጀ፣ አልኩ፣ ስልኩን ትከሻዬ ላይ ወሽቄ ባሩድ ስቀዳ ነበር። ስምህን አልሰማሁም። አሜን እያልኩ ስቀዳ ነበር። ለሚቀጥለው ሰው ደግሞ ለመንገደኞች ብዬ ነው ያስተላለፍኩት። ከእኔ በኋላ ማንም ስለ አንተ አልጸለየም።

ተቀመጠ። አረሩን በጣቱ ወደኔ ገፋው። ላይኛው ፎቅ ሰው ቤት ይጠርግ ነበር፣ የመጥረጊያው ማሽን ድምፅ ይመጣል ይሄዳል።

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ያን ሳምንት ወንበሩ ጎን እጁን ሰድዶ ያ ቀዝቃዛ ብረት በነካው ቁጥር አይዞህ ይል ነበር ለራሱ፣ ወንድሞችህ እየጸለዩልህ ነው፣ ግርማ እየጸለየልህ ነው። ስሜን ይጠራ ነበር። ጎዳናው ላይ፣ ቀይ መብራት ላይ።

«የባሩዱን ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። «ሰው ነህ፣ ይደርሳል። የአሜኑን ግን… ጊዜ ስጠኝ።»

በር ድረስ አልሸኘኝም። ከተዋወቅን የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ኦክቶበር 26፣ እሑድ

ጠዋት ለሰላማዊት የቀረውን ግማሽ ነገርኳት። ሸሚዜን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመች። እኔም ሰንሰለቱ ላይ ነኝ እኮ አለች፣ ለመንገደኞች ነው የጸለይኩት። ሸሚዙን ግን ተኩሳ ጨረሰችልኝ።

ቆምኩ። ፓ/ሩ ማይኩን ፈገግ ብለው ሰጡኝ። ደ. ከፊት ነው፣ አልዞረም።

ጥይቷ የተሳሳተች ናት አልኩ። ሠሪዋ እኔ ነኝ። የማጣራበትን ትቼ ነው የሠራኋት፣ ካወቅሁ በኋላ ሁለት ቀን ደብቄያለሁ፣ ወንድሜ አንገቱ ላይ ቢላ ሲያርፍ ባሩድ የሌለው ነገር እጁ ላይ ነበር። ባለፈው እሑድ እዚህ ተቀምጬ ስታጨበጭቡልኝ ሳቅሁ። ልጁ መትረፉ የጌታ ሥራ ነው ካላችሁ አልከራከርም፣ እኔ ግን ባለሙያ ሆኜ መመስከር አልችልም። ከዚያ የአሜኑን ነገርኳቸው። በስልክ እንዴት እንደያዝኩት በትከሻዬ አሳየሁ። ለምን እንዳሳየሁ እንጃ። አንገቴን አጣምሜ ሰው ፊት ቆምኩ።

ከኋላ አንድ ሰው በልማድ ሃሌ ሉ— ብሎ አቆመ። ሕፃን አለቀሰ። ፓ/ሩ መዝሙር ይሁን አሉ። በመዝሙሩ መሃል ወደ ቦታዬ ስመለስ ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡልኝ፤ ትከሻዬን ግን መታ ያደረገ የለም። ሰላማዊት ቦርሳዋን ካጠገቧ አንሥታ ቦታ ሰጠችኝ።

ፓርኪንግ ላይ እማማ አስካለ በምርኩዛቸው መጡ። ጎንበስ በል አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። ጆሮዬን ያዙኝ፣ እንደ ሕፃን፣ ሰው እያየ።

«ይሄኛው ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔም አንዳንዴ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው የምጸልየው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ሽንኩርት ሰው አይገድልም።»

ጆሮዬን ለቀቁት፣ ፊታቸው አልፈታም። ከሰንሰለቱ ያውጡኝ አልኳቸው። ተቆጡ። እንዲያው ሽሽት ትወዳለህ አሉኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ እኔ ለደረጀ እደውላለሁ፣ ደረጀ ላንተ ይደውላል። እሱ አይደውልልኝም አልኩ። ያ የሱ ነው፣ አንተ ስልክህ አጠገብ ሁን አሉና ሄዱ። ደ. ታክሲውን አስነሥቶ ወጣ። የልጁ ጫማ መስተዋቱ ሥር ተቀምጣ አየኋት።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

በጊዜ ገባሁ። ጋራዡን አልከፈትኩም። ፕሬሱ ላይ አንሶላ ጥዬበታለሁ። ለባልደረባዬ ዘንድሮ አልሄድም ብዬዋለሁ። ሰላማዊት ሰምታ ድስቱስ አለችኝ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው። እንደገና እሠራ ይሆናል፣ እንጃ። ከሠራሁም ስልኩን ነቅዬ ነው፣ ወይም ስልኩ ሲጮህ ሁሉንም ደፍቼ ከሥር እጀምራለሁ።

ኩሽና ተቀምጫለሁ። ሬዲዮው ጠፍቷል። ጠረጴዛው ላይ አንተና ብዕሩ፣ አረሯም አለች። ሁለት እጆቼ ባዶ ናቸው፤ አንዱ ይጽፋል እንጂ።

የእማማ ሰዓት አልፏል። እሳቸው ለደ. ደውለዋል ማለት ነው። ኢያሪኮን ዞረው፣ ጋርላንድ ገብተው፣ አሜን ተባብለው ጨርሰዋል። ቀጥሎ የሱ ነው። ታክሲ ላይ ይሆናል። ፓርክ አድርጎ ይሆናል። ቁጥሬን በቃሉ ያውቀዋል፣ ከኔ ቁጥር ሌላ በቃሉ የሚያውቀው የለም። አለመደወልም ይችላል። ባይደውል አልፈርድበትም። ማለቴ እንዳልፈርድበት እየሞከርኩ ነው።

ሰላማዊት ከሥራ ገባች። አየችኝ፣ ስልኩን አየች፣ ጫማዋን አውልቃ በጣቷ እየተራመደች አለፈች።

አሁንም ዝም ነው። እማማ ረስተው ይሆን? አይረሱም። የሚቀጥለው ወንድም እኔን እየጠበቀ ነው፣ እኔ ካልደወልኩ እሱም አይደውልም። ይኼኔ የማን ስም ይሆን ሰንሰለቱ ላይ ያለው? ዛሬ ቢነግረኝ እጽፈው ነበር። አይ፣ አልጽፈውም። እሰማዋለሁ። ብዕሩንም አስቀም—

ስልኩ ጮኸ። እሱ ይሁን እማማ አላው—